የጋሽ ገረሱ ለቅሶ በቡሬ አዳራሽ

ጠመንጃ ያዥ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲያልፍ ትከሻ ለትከሻ በሚተሻሽበት ቅያስ፣ ከኔ ልብስ ስፌት ቤት ጀርባ፣ ስምንት ላም የሚያስተኛ ዘመናዊ አዳራሽ አለ። ላሟ ግን አንድ ናት። ስሟ ቡሬ ነው፤ ባለቤቷ እትዬ ወለተሰንበት ናቸው። አላምንም የሚል ካለ መጥቶ ይይ፤ ሲመጣ ግን አፍንጫውን እንዳይይዝ። እትዬ ወለተሰንበት አፍንጫ የያዘ ሰው አይወዱም።

የኔን ቤትና የሳቸውን ግቢ የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ስለዚህ የማወራው ሁሉ በጆሮዬ የሰማሁት፣ አለዚያም በዓይኔ ያየሁት ነው። የስፌት መኪናዬ ሲቆም ይሰማኛል፤ መኪናዬ እየጮኸም ይሰማኛል፤ ሴትዮዋ ቀስ ብሎ ማውራት አልፈጠረባቸውም።

ባለቤታቸው ፍርድ ቤት ተላላኪ ነበሩ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ እትዬ ወለተሰንበት ያለ ልጅ የቀሩት ከሦስት ላሞች ጋር ነው። አንዷን ለባላቸው ተዝካር ሸጡ። አንዷ ፌስታል በልታ ሞተች። ቡሬ ቀረች። ጥቁርና ነጭ ናት፣ ሆዷ ሰፊ፣ ዓይኗ የሰው ዓይን፤ እትዬ ወለተሰንበት ባስነጠሱ ቁጥር መብላቷን አቁማ ቀና ትላለች። ማለዳ የሰፈሩ ሰው ጠርሙሱንና ጆጉን ይዞ በራቸው ላይ ይሰለፋል። እሳቸው እያለቡ ይሰድባሉ፣ እየሰደቡ ይቀዳሉ። «ዛሬ ወተቱ ቀጠነ» ያላቸው ሰው በማግስቱ ሰልፍ ላይ አይታይም።

ጉዱ የጀመረው ወረዳው ስብሰባ ጠርቶ፣ በዘመናዊ በረት ከሚያረባ በቀር ከብት ያለው ሁሉ ከመሀል ከተማ ያውጣ ያለ ቀን ነው። እትዬ ወለተሰንበት ብድግ አሉ።

«የኔዋ የት ትሂድ?»

«ከከተማ ውጭ ነው እማማ። ሱሉልታም ቢሆን…»

«ሱሉልታ ማን አላት? እዚህ ጠመንጃ ያዥ ተወልዳ!»

ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ። ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ ግን ለቡሬ ሲነግሯት በግድግዳው በኩል ሰማሁ። «አንቺ ከሄድሽ እኔ ከማን ጋር ነው የማወራው?» አሏት። ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር መሳቅ አቆምኩ። በሌላ በሌላው ግን ስስቅ ነው የከረምኩት፣ አልዋሽም።

ብዙም ሳይቆይ ፕሮጀክት መጣ። ስሙን በትክክል ይዤው የማላውቀው አንድ የፈረንጅ አገር፣ የከተማ ወተት አምራቾችን በረት አዘምናለሁ ብሎ ገንዘብ መድቧል አሉ። ሴት የሆነች፣ አቅመ ደካማ የሆነችና መሀል ከተማ የምትኖር ሲፈለግ፣ ሁሉንም አሟልተው የተገኙት እትዬ ወለተሰንበት ሆኑ። አቅመ ደካማ መባላቸውን የሰሙት ዘግይተው ነው፤ በሰሙ ጊዜ አስተባባሪውን በአካፋ እስከ አስፋልት ሸኝተውታል።

አስተባባሪው ወንድምአገኝ ይባላል። ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ትሑት፣ ክፉ ነገር ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ማሻገር የማይሆንለት አስተርጓሚ ነው። ኢንጂነሩ ደግሞ ዮርን የሚባል ፈረንጅ ነው፤ በጣም ረጅም ነው፣ በሰፈራችን ግንባሩን ሳይመታ ያለፈበት በር የለም። እነዚህ ሁለቱ አንድ ጠዋት ትልቅ ወረቀት እበት ማድረቂያው ላይ ዘርግተው የበረቱን ዲዛይን አሳዩዋቸው።

«የኔ ላም እኮ አንድ ናት ልጄ» አሉ እትዬ ወለተሰንበት።

«ገብቶናል እማማ። ግን ከስምንት ላም ያነሰ ዲዛይን የለንም። ትንሹ ስምንቱ ነው።»

«እና ሰባቱን ማን ይሰጠኛል?»

«ላም በፕሮጀክታችን አይካተትም። እኛ ሕንፃ ላይ ብቻ ነን።»

ሕንፃው ተሠራ። ለሱ ሲባል ማድ ቤታቸው ፈረሰ፣ ጌሾው ተነቀለ፣ ሽንት ቤቱ ወደ ጥግ ተገፋ። ጣሪያው የቤተ ክርስቲያን ያህል ከፍ አለ። ወለሉ ላይ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ላም የምትተኛበት ነው ተባለ። ውሃ ሲጎድል ራሱ የሚሞላ ገንዳ ገባ። ከሁሉ የገረመን ግን ምሰሶው ላይ የተሰቀለው ብሩሽ ነው። የሰው ቁመት ያህላል፤ ላሟ ስትደገፈው በመብራት እየተሽከረከረ ያካታል። ቡሬ አንዴ ነካችውና ሲዞርባት አጥሩን ጥሳ እኔ ስፌት ቤት ገባች። የሙሽራ ሱሪ ላይ ነበርኩ።

ዋናው ጠብ ግን በነፋስ ነው የተነሳው። አዳራሹ ግራና ቀኙ ክፍት ነው። ዮርን «ላም ንጹሕ አየር ትፈልጋለች» ይላል። እትዬ ወለተሰንበት «ላሜን ብርድ ሊያስመታብኝ ነው የመጣው» ይላሉ።

«ይሄ ሰውዬ ታክሲ ተሳፍሮ አያውቅም?» አሉ ለወንድምአገኝ። «መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚደርስበት ንገረው እስቲ!»

ወንድምአገኝ ምን ብሎ እንደተረጎመው እንጃ፤ ዮርን ፈገግ ብሎ አመሰገናቸው። እሱ እንደሄደ እኔ ተጠራሁ። ዙሪያውን በአቡጀዲ ጋረድነው፤ ፈረንጁ በመጣ ጊዜ ባንድ ገመድ የሚሰበሰብ፣ ሲሄድ የሚዘረጋ መጋረጃ ሰፋሁላቸው። ለብርዱም ይሆናል፣ ለሰው ዓይንም ይሆናል። የምትታለብ ላም አደባባይ ላይ ማቆም ማለት ለቡዳ ድግስ መጥራት ነው ባይ ናቸው። ቡሬም ብትሆን ሰባቱ ባዶ ቦታ ስላስፈራት ሌሊቱን ስትጮህ ታድር ነበር፤ በመጨረሻ እትዬ ወለተሰንበት ፍራሻቸውን አውጥተው አጠገቧ መተኛት ጀመሩ። ጎማው ወገባቸውን እንዳሻላቸው ለኔ በምስጢር ነግረውኛል፣ ማለት እየጮኹ።

አሁን ጋሽ ገረሱን ላምጣ።

ጋሽ ገረሱ በሌላው ጎን ያሉ ጎረቤት ናቸው። ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ አቤቱታ መጻፍ ለሳቸው እንደ መተንፈስ ነው። የእበቱን ሽታ ሲከሱ ኖረዋል። ወረዳውን አዳርሰዋል፣ ጤና ጣቢያውን አዳርሰዋል፣ አንድ ጊዜ መብራት ኃይል ድረስ ሄደው አመልክተዋል። በየስብሰባው እጃቸውን ሲያወጡ ሰብሳቢው «የላሟን ነገር መዝግበናል ጋሼ» ይላቸው ነበር።

እኒህ ሰው ጨጓራ ነበረባቸው፤ ሐኪም ወተት አዘዘላቸው። የቡሬን ወተት እንኳን መጠጣት ስሟን መስማት አይፈልጉም፤ የፋብሪካ ወተት ሲሆን ደግሞ ሆዳቸውን ይነፋዋል። ሚስታቸው ሠርካዲስ መላ አበጀች። የፋብሪካ ወተት ጠርሙስ አጥባ፣ ማለዳ በጓሮ በኩል ለእትዬ ወለተሰንበት ታቀብላለች፤ የቡሬ ወተት ይሞላላትና ክዳኑን ጠበቅ አድርጋ ትወስዳለች። ለቡሬም የጎመን ቅጠልና የድንች ልጣጭ ይዛላት ነው የምትመጣው፤ ላሚቱ ኮቴዋን ታውቃለች። ጋሽ ገረሱ ጠጥተው ከንፈራቸውን እየጠረጉ በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ።

«ፋብሪካ ማለት እንዲህ ነው» ይላሉ። «ሽታ የለው፣ ምን የለው! ያቺን እበታም ላም አጠገቤ አቁመውብኝ፣ ይሄ ባይኖር ሞቼ ነበር እኮ።»

ከሳቸው በቀር የማያውቅ ሰው በሰፈሩ የለም። እትዬ ወለተሰንበት ደግሞ አንድም ቀን አላወጡባቸውም። ጠርሙሱን ሲሞሉ ብቻ «እንካ፣ ክሰሰኝ» ይላሉ።

በረቱ ሲያልቅ የወረዳዋ ባለሙያ ሚስራ መጣች። ወጣት ናት፣ አትቆጣም፣ አትሽኮረመምም፤ የተጻፈውን ታነባለች። ቡሬ ከተማ ውስጥ እንድትቀር ሁለት ነገር ያስፈልጋል አለች። ኮሚቴው ሐሙስ ሲመጣ ላሟ በረቱ ውስጥ ሆና መታየት አለባት። ከዚያ ደግሞ የጎረቤት አቤቱታ ስላለ፣ ጋሽ ገረሱ አንስቻለሁ ብለው መፈረም አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ቡሬ ሱሉልታ ናት።

እትዬ ወለተሰንበት ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው ጋሽ ገረሱ ደጅ ሄዱ። እኔም ሱሪ ላደርስ መስዬ ተከተልኩ።

«ገረሱ፣ በእመብርሃን ፈርምልኝ።»

«ሽታው ሲቆም እፈርማለሁ ወለቴ።»

«አፍንጫህ ሲቆም በለው!»

በዚያው ተለያዩ። አዝኜ አይደለም የተመለስኩት፣ ተናድጄ ነው። ምክንያቱም እኒህ ሰው ክፉ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። የእትዬ ወለተሰንበት ባል የሞቱ ጊዜ ድንኳን መትከያ ቢጠፋ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ዲጂኖ ይዘው ወጥተው የገዛ አጥራቸውን ያፈረሱት ጋሽ ገረሱ ናቸው። ለቅሶው በሳቸው ግቢ ተለቀሰ። ሀዘኑ እንዳበቃ አጥራቸውን ጠገኑና ስለ ላሟ አመለከቱ።

ማክሰኞ ማለዳ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ጋሽ ገረሱ በእንቅልፋቸው አርፈዋል። እትዬ ወለተሰንበት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡና ቅያሱ መሀል ደረታቸውን እየመቱ ጮኹ።

«ገረሱ! ሳትፈርም! ሳትፈርም ገረሱ!»

ከሩቅ የመጡ ዘመዶች «እንዴት ቢወዱት ነው» ብለው አለቀሱ። ከሠርካዲስ በላይ የጮኹት እሳቸው ናቸው፤ መያዝ አስፈለጋቸው።

ቀብሩ ልደታ ማርያም ተፈጸመና ሌላ ጉድ ፈላ። ቅያሱ ለቱቦ ተቆፍሮ ድንኳን የሚተከልበት ስንዝር መሬት የለም። የጋሽ ገረሱ ግቢም አፈር ተደፍቶበት ተሞልቷል። የእድሩ ዳኛ ጋሽ አስፋው ሽማግሌ አስከትለው እትዬ ወለተሰንበት በር ላይ ቆሙ። የመጡበትን አልተናገሩም፤ አዳራሹን ብቻ ቀና ብለው አዩት።

«አይሆንም» አሉ እትዬ ወለተሰንበት። «ሐሙስ ኮሚቴ ይመጣል። ቡሬ እዚያ ካልታየች ይወስዱብኛል።»

«ሐሙስ ሣልስቱ ነው ወለቴ። ጠዋት ተጠናቆ…»

«ለቅሶ በሰዓቱ ተጠናቆ ያውቃል?»

እትዬ ወለተሰንበት በጎናቸው ያለውን የጋሽ ገረሱን አጥር አዩ። ያ ፈርሶ የተጠገነው በኩል አሁንም ቆርቆሮው ይለያል።

«ጎማው ላይ በጫማ እንዳይወጡ» አሉና ቡሬን ሊፈቱ ገቡ።

እንግዲህ ቡሬ ሳሎን ገባች፤ ለቀስተኛው በረት ገባ። ሳሎኑ ጠባብና ሙቅ ስለሆነ ላሚቱ አንዴም አልጮኸችም፤ ሶፋና ቴሌቪዥን መሀል ቆማ የመስኮቱን መጋረጃ ስትበላ ዋለች። በረቱ ደግሞ ለለቅሶ የተሠራ እስኪመስል ተመቸ። አሮጊቶቹ ጎማው ላይ ተቀምጠው «ወገብ ያሳርፋል» አሉ። ሰው ከንፍሮ በኋላ እጁን ራሱ በሚሞላው ገንዳ ይታጠባል። ነፋስ እንዳይገባ መጋረጃዬ ተዘርግቷል። በማግስቱ የንስሐ አባታቸው ጸሎት እያደረሱ፣ ጠፍቶ የከረመው መብራት ድንገት መጣና ምሰሶውን ተደግፈው የቆሙትን ጋሽ አስፋውን ብሩሹ ከኋላ ያካቸው ጀመር። እንዳይሸሹ ጸሎት ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ጸሎቱ አልቆ «አሜን» ከተባለ በኋላም ትንሽ ቆሙ። ሁለት ሰዎች «እኔም ስሞት እዚሁ ይሁንልኝ» ብለው ለእትዬ ወለተሰንበት ሲያስመዘግቡ ሰምቻለሁ።

ሐሙስ ሰው ሊበተን ነው ሲባል፣ ከአብነት የጋሽ ገረሱ እህት ልጆች አዲስ ለቅሶ ይዘው ደረሱ። ኮሚቴውም የዚያኑ ጊዜ ደረሰ፤ ዮርን፣ ወንድምአገኝና ሚስራ።

ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ይቀመጣል፤ እነሱም ተቀመጡ። ዮርን ጉልበቱ ጆሮው ጋ ደርሶ ጎማው ላይ ቁጢጥ አለ። ንፍሮ በእፍኙ ተሰጠው። ዙሪያውን አየና በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ላሟ የት ናት እንደሚል ማንም ይገባዋል። ወንድምአገኝ ጆሮው ላይ ረጅም ነገር ነገረው። ፈረንጁ ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። ኋላ ስጠይቀው ወንድምአገኝ «ሟቹ ፕሮጀክቱን በቅርብ ሲከታተሉ የነበሩ ሰው ናቸው አልኩት» አለኝ። ውሸት የለበትም።

ሚስራ ግን ቀስ ብላ ለእትዬ ወለተሰንበት ተናገረች።

«እማማ፣ ላሟ በረት ውስጥ የለችም።»

«ሳሎን ናት ልጄ። እንግዳ መጥቶባት ነው።»

«አቤቱታውም አልተነሳም። አቤቱታ አቅራቢው ይምጡና…»

«የምናለቅሰው እሱን ነው።»

ሚስራ ደነገጠች። ወረቀቷን አገላበጠች። አቤቱታ ማንሳት የሚችለው ያቀረበው ሰው ራሱ ነው ይላል፤ ሰውዬው ከሞተ እንዴት እንደሚሆን አይናገርም። «እንግዲህ ባለበት ይቀጥላል ማለት ነው» አለች፣ እሷም ራሷ ያልጣማት ድምፅ አውጥታ። እትዬ ወለተሰንበት የያዙትን የንፍሮ ሰፌድ መሬት አስቀመጡ።

በዚህ መሀል ነው ከሳሎን ጩኸት የተሰማው። በሰው ብዛት የቡሬ መታለቢያ ሰዓት ተረስቶ አልፏል። አንድ ነገር ተሰበረ፣ በሩ ተገነጠለ፣ መጋረጃው ተገለጠና ቡሬ ገባች። የሶፋው ዳንቴል ቀንዷ ላይ ተሰክቶ ፊቷን እንደ ነጠላ ሸፍኖታል። ግቷ ተወጥሯል። ሰው ተነሳላት፤ ለቅሶ ሊደርስ እንደመጣ እንግዳ መንገድ ለቀቁላት። እሷ ማንንም አላየችም። ቀጥ ብላ ጥቁር ለብሳ ጥግ ወደተቀመጠችው ሠርካዲስ ሄደች፤ ጭኗን፣ እጇን፣ ጉያዋን አሸተተች። የድንች ልጣጭ ፍለጋ ነው።

ሠርካዲስ የላሚቱን አንገት አቀፈችና ከነጋ ያልወጣላት ለቅሶ ወጣላት።

«ገረሱዬ! ዋሽቼሃለሁ! ፋብሪካ ያልኩህ ይቺ ናት! ስንት ዓመት ያኖረችህ ይቺ ናት፣ የከሰስካት ይቺ ናት፣ ሳልነግርህ ሄድክብኝ!»

ከአብነት ከመጡት አንዷ «ምን አለች?» አለች። የጎማው ላይ አሮጊት ነገረቻት፤ ነግራ ሳትጨርስ ሳቅ አመለጣት። ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው! እንባው በጉንጩ እየወረደ ያልሳቀ አልነበረም። ጋሽ አስፋው «ኧረ ነውር ነው!» እያሉ በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይርገፈገፋል። ሠርካዲስም ሳቀች፣ አለቀሰች፣ አልለይ አለ።

ሚስራ አልሳቀችም፤ ከንፈሯን ነክሳ ጠየቀች።

«ጋሼ ይጠጡት ነበር?»

«ጠዋትና ማታ» አለች ሠርካዲስ አፍንጫዋን እየጠረገች። «እኔ ሚስቱ ነኝ፣ ወራሹም ነኝ። ክሱንም እኔ ነኝ የወረስኩት። አንስቼዋለሁ። የት ነው የምፈርመው?»

ሚስራ ወረቀቷን ደግማ አየች። ወራሽ አይችልም የሚልም አልተጻፈበትም። አስፈረመቻት። ቡሬ በበኩሏ ልጣጭ እንደሌለ ሲገባት ሁለት ጊዜ ዞረችና በሠርካዲስና በዮርን መሀል፣ ጎማው ላይ፣ እየቃተተች ተኛች። ፈረንጁ ደስታውን መደበቅ አቃተው፤ ላም የምትተኛው ሲመቻት ብቻ ነው እያለ ለእያንዳንዱ ለቀስተኛ አስተረጎመ። ላሟ በረቱ ውስጥ ታየች ተብሎ ተጻፈ። እትዬ ወለተሰንበት ባልዲያቸውን አምጥተው፣ ያ ሁሉ ዓይን እያያቸው፣ ቡዳውንም ነፋሱንም ረስተው አለቧት። ቡሬ ከተማ ቀረች።

በማግስቱ ማለዳ ሰልፈኛው ሳይመጣ፣ እኔ ሱቄን ስከፍት፣ የጓሮውን በር ሰማሁ። ሠርካዲስ ናት፤ ኮቴዋን ቡሬ ብቻ ሳትሆን እኔም አውቀዋለሁ። ከዚያ ኮቴው ቆመ። በግድግዳው ስንጥቅ ባይ፣ የታጠበውን የፋብሪካ ጠርሙስ ይዛ ቆማለች። እግሯ ለምዶ አመጣት እንጂ፣ የሚጠጣ ሰው እንደሌለ የታወሳት እዚያ ከደረሰች በኋላ ነው።

«አምጪው» አሏት እትዬ ወለተሰንበት።

«ለማን ብዬ?»

እትዬ ወለተሰንበት ጠርሙሱን ከእጇ ተቀብለው ሞሉት። ክዳኑን ጠበቅ አድርገው ዘጉት። እንደ ልማዳቸው «እንካ…» ብለው ጀመሩ። በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉና ጠርሙሱን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ማክሰኞ ለፊርማው ጮኸው ለሰውዬው ያላለቀሱትን ለቅሶ አለቀሱ። እኒያ ጯሂ ሴትዮ ድምፃቸው ጠፍቶ፣ የተናገሩትን የሰማሁት ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ነው።

«እንግዲህ ማን ይከሰኛል?» አሉ።